ሰባኪ የሌለው መድረክ፦ ሞርሞኖች እምነታቸውን የሚመሰክሩት እንዴት ነው?

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ወደ ሞርሞኖች ጸሎት ቤት የገባ እንግዳ ስብከት ለመስማት ከጠበቀ አያገኝም። ኅብስቱና ውኃው ለምእመናኑ ከታደለ በኋላ (በወይን ፋንታ የሚጠቀሙት ውኃ ነው) መድረኩ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። የፈለገ ሰው ተነሥቶ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል፤ ይናገራል። አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ልትሆን ትችላለች፤ ቀጣዩ መኪና ጠጋኝ፤ ከእርሱ በኋላ ደግሞ እናቱ ከጀርባው ቆማ ቃላቱን በጆሮው የምታቀብለው ሕፃን ይመጣል። አንዳንዱ ስለ ታመመች ሚስቱ ይናገራል፣ አንዳንዱ ስላጣው ሥራ፤ የሚያለቅስም አለ። መዝጊያው ግን ሁልጊዜ ተቀራራቢ ነው፦ እግዚአብሔር ሕያው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኢየሱስ ክርስቶስ አዳኜ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ እንደነበረ አውቃለሁ፤ መጽሐፈ ሞርሞን እውነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ይህ ምስክርነት ይባላል። እኔ የዚህ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ሥላሴን እየጠራሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይሁንና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቼ ነጭ ሸሚዝ ለብሰውና ጥቁር የስም መለያ በደረታቸው አድርገው በር ከሚያንኳኩት ወጣቶች ጋር ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው ንግግር ሳይገናኝ ያልቃል። የእኛ ሰው ጥቅስ ይጠቅሳል፣ የኒቅያን ጉባኤ ያነሣል፣ የአበውን ትምህርት ይዘረዝራል። ወጣቱ በትሕትና ካዳመጠ በኋላ «እኔ ጸልዬ መልስ አግኝቻለሁ፤ እርስዎም ይጸልዩ» ይላል። አንደኛው ማስረጃ እያቀረበ ነው፤ ሌላኛው ገጠመኙን እየነገረ ነው። ምስክርነት በዚህ እምነት ውስጥ ምን ዓይነት ቦታ እንዳለው ያልተረዳ ሰው ሞርሞኖችን መቀበልም ሆነ መቃወም በትክክል ይችላል ብዬ አላምንም፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ከ2018 ጀምሮ «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» በሚለው ሙሉ ስሟ እንድትጠራ አጥብቃ ትጠይቃለች። «ሞርሞን» የምለው አንባቢ የሚያውቀው ስም ስለሆነ ብቻ ነው።)

ነገሩ የጀመረው በአንድ ወጣት የግል ታሪክ ነው። ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 በቨርሞንት ግዛት ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ግዛት ተዛውሮ በፓልማይራ አካባቢ ሰፈረ። በዚያ ዘመን አካባቢው በሃይማኖታዊ መነቃቃት የታመሰ ነበር፤ ሜቶዲስቱ፣ ባፕቲስቱና ፕሬስቢቴሪያኑ ምእመን ይሻሙ ነበር። ልጁ በኋላ እንደተረከው፣ ማንን ልከተል ብሎ ሲጨነቅ ከያዕቆብ መልእክት አንድ ቃል አነበበ፦ «ከእናንተ ግን ማንም ጥበብ ቢጎድለው፥ ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን እግዚአብሔርን ይለምን።» በ1820 ብቻውን ወደ ጫካ ገብቶ ጸለየ፤ ራእይም አየ። ሞርሞኖች የመጀመሪያው ራእይ የሚሉት ይህን ነው።

ስሚዝ ይህን ታሪክ የተናገረው አንዴ ብቻ አይደለም። በ1832፣ በ1835፣ በ1838 እና በ1842 የተመዘገቡ አራት ዋና ዋና ትረካዎች አሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1832ቱ፣ ከፊሉ በራሱ እጅ በተጻፈው፣ ጭንቀቱ ስለ ኃጢአቱ ስርየት ነው፤ ጌታ ተገልጦ ኃጢአትህ ተሰረየልህ ይለዋል። በ1838ቱ ደግሞ አብና ወልድ እንደ ሁለት አካላት ተገለጡለት፤ ከነበሩት አብያተ ክርስቲያናትም ከአንዳቸው ጋር እንዳይቀላቀል ነገሩት። እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የተቀበሉት ይህን ሁለተኛውን ነው። የ1832ቱ ትረካ በሰፊው የታወቀው በ1960ዎቹ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ተቺዎች ታሪኩ እያደገ መጣ ይላሉ። አማኞች ደግሞ ሰው ትልቅ ገጠመኙን በተለያየ ዕድሜና ለተለያየ አድማጭ ሲተርክ አንዱን ጎን ማጉላቱ ያለ ነገር ነው ይላሉ። ማንኛውንም ብንይዝ አንድ ነገር ይቀራል፦ ይህ እምነት በጉባኤ ውሳኔ ወይም በነገረ መለኮት ድርሰት አልተጀመረም። አንድ ሰው «ይህ ደረሰብኝ» አለ፤ ሌሎች አመኑት።

መጽሐፈ ሞርሞንም እንዲሁ በምስክሮች ታጅቦ ነው የወጣው። ስሚዝ ኩሞራ በተባለ ኮረብታ ተቀብሮ ካገኘው የወርቅ ሰሌዳ በመለኮታዊ ኃይል ተረጎምሁት ያለው፣ ስለ ጥንታዊ አሜሪካ ሕዝቦች የሚተርከው ይህ መጽሐፍ በ1830 በፓልማይራ 5,000 ቅጂ ታተመ፤ ለኅትመቱ ዋስትና እርሻውን ያስያዘው ማርቲን ሃሪስ የተባለ ገበሬ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሦስት፣ ቀጥሎም የስምንት ሰዎች የቃል ማረጋገጫ ታትሟል። ሦስቱ፣ ማለትም ኦሊቨር ካውደሪ፣ ዴቪድ ዊትመርና ራሱ ሃሪስ፣ መልአክ ሰሌዳዎቹን እንዳሳያቸው ይናገራሉ። ስምንቱ ደግሞ ሰሌዳዎቹን በእጃቸው ዳስሰናል ይላሉ። ሦስቱም በኋላ ከስሚዝ ጋር ተጣልተው ከቤተ ክርስቲያኗ ወጡ፤ ካውደሪና ሃሪስ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ዳግም ተጠመቁ፣ ዊትመር ግን ሳይመለስ ሞተ። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ያንን ማረጋገጫ አልካዱም። ለአማኞች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከነቢዩ ጋር የተጣላ ሰው ውሸቱን ቢያውቅ ባጋለጠው ነበር ይላሉ። ተጠራጣሪዎች ደግሞ ያዩት በመንፈስ ዓይን እንጂ በሥጋ ዓይን አይደለም ብለው ይመልሳሉ። የእኔ ፍላጎት ማን እንደሚረታ መወሰን አይደለም፤ ክርክሩ ራሱ በሰው ቃል ታማኝነት ላይ እንደቆመ እንዲታይ ነው።

ከምስክሮቹ በላይ የሚከብደው ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው ተስፋ ነው። በሞሮናይ መጽሐፍ ምዕራፍ 10 ላይ አንባቢው እነዚህ ነገሮች እውነት መሆናቸውን እግዚአብሔርን በቅን ልብ እንዲጠይቅ ይጋበዛል፤ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል መልስ እንደሚያገኝም ይነገረዋል። እያንዳንዱ ሞርሞን ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን እንዲሞክር ይበረታታል። በሌላ አነጋገር፣ ስሚዝ በጫካው ያደረገውን እያንዳንዱ አማኝ በመኝታ ቤቱ ይደግመዋል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ራእይ አይደለም፤ ሰላም፣ በደረት ውስጥ የሚሰማ ሙቀት፣ የአእምሮ ጥራት እንደሆነ ይናገራሉ። በዚህ እምነት አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ከሚባሉት የዘመናችን ከፍተኛ መሪዎች አንዱ የነበሩት ቦይድ ፓከር ይህን ለማስረዳት አንድ ገጠመኝ ይተርኩ ነበር። በአውሮፕላን አብሯቸው የተቀመጠ ሃይማኖት የለሽ ሰው አውቃለሁ ማለታቸው አስገርሞት እንዴት እንደሚያውቁ ቢጠይቃቸው፣ ጨው ምን ምን እንደሚል ግለጽልኝ አሉት። ሰውየው ጣፋጭም ኮምጣጣም አይደለም ከማለት አላለፈም። ጨው ቀምሶ የማያውቅ ሰው በቃል ብቻ እንደማይገባው ሁሉ የመንፈስ ምስክርነትም እንዲሁ ነው አሉ።

ምሳሌው ያምራል፤ ሆኖም ከባዱን ጥያቄ አይዘጋውም። ተመሳሳይ ሰላምና ሙቀት ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ በቅዳሴ መካከል ዓይኑ እንባ ያቀረረ የእኛ ምእመንም ይሰማዋል። ያ ስሜት በአሜሪካ ስለ ተቀበረ የወርቅ ሰሌዳ እንዴት ይመሰክራል? በእኔ ግምት በሞርሞኖችና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን መካከል ያለው ጥልቅ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል። ለእኛ የግል ስሜት የሚመዘነው ከአበው በተረከብነው ትምህርት ነው፤ ለሞርሞኑ ወጣት ግን የተረከበው ትምህርት ራሱ በግል መልስ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህም ነው በሚስዮናውያን ቤት የተወለደ ልጅ እንኳ «የራስህን ምስክርነት አግኝ» የሚባለው።

ይህ ሁሉ በሥርዓት የተደገፈ ነው። ሕፃናት የሚጠመቁት በ40 ወይም በ80 ቀናቸው አይደለም፤ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ነው። በዚያ ቃል ኪዳን በሁሉም ጊዜና ቦታ የእግዚአብሔር ምስክር ለመሆን ይገባሉ። በአጥቢያ ደረጃ ደመወዝ የሚከፈለው ካህን የለም። ጳጳስ የሚሏቸው የአጥቢያው መሪ በሥራ ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ወይም ሐኪም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለጥቂት ዓመታት አገልግለው ቦታውን ለሌላ ይለቃሉ። በሌሎቹ እሑዶች የሚናገሩትም ርእስ ተሰጥቷቸው የተዘጋጁ ተራ አባላት ናቸው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳይቀር። እንዲህ ያደገ ሰው ስለ እምነቱ በሰው ፊት መናገር አይከብደውም።

ከዚያ የሚስዮናዊነት ጊዜ ይመጣል። ወንዶች ለ24 ወር፣ ሴቶች ለ18 ወር ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ወጪውን ራሳቸው ወይም ቤተሰባቸው ይጋራሉ። በ2012 የመግቢያ ዕድሜው ለወንዶች ከ19 ወደ 18፣ ለሴቶች ከ21 ወደ 19 ሲወርድ በተለይ የሴቶቹ ቁጥር አሻቀበ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ70 ሺህ በላይ ሚስዮናውያን አሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ይሠራሉ፣ የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም፣ እስከ 2019 ድረስ ወላጆቻቸውን በስልክ የሚያነጋግሩት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። በርዎን ያንኳኳው ልጅ ከእናቱ ርቆ በባዕድ ቋንቋ ቀኑን ሙሉ «አልፈልግም» ሲባል የዋለ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው እንዲታዘንለት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የተመለሱ ሚስዮናውያን እምነታቸው የጸናው ሌላውን በማሳመን ሳይሆን ደጋግመው በመናገር እንደሆነ ይመሰክራሉ። ፓከርም ምስክርነት የሚገኘው በመመስከር ውስጥ ነው ብለው አስተምረዋል። ተቺዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ይመስለኛል፦ ሰው ያላረጋገጠውን ነገር ደጋግሞ «አውቃለሁ» በማለት ራሱን ማሳመን አይችልምን?

ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ይጽፋሉም። ቤተ ክርስቲያኗ በተመሠረተችበት ዕለት፣ በኤፕሪል 6 ቀን 1830፣ ስሚዝ ተቀበልሁት ያለው ራእይ የሚጀምረው በእናንተ ዘንድ መዝገብ ይያዝ በሚል ትእዛዝ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ አራተኛው ፕሬዚዳንት ዊልፈርድ ውድራፍ ከ60 ዓመት በላይ የዕለት ማስታወሻ ጽፈዋል፤ ስሚዝ ካደረጋቸው ንግግሮች አንዳንዶቹን ዛሬ የምናውቃቸው እርሳቸው በያዙት ማስታወሻ ነው። በ1870ዎቹ የቤተ ክርስቲያኗ ዋና መቀመጫ የሆነችው፣ በዩታ የምትገኘው የሶልት ሌክ ሲቲ ሴቶች የራሳቸውን ጋዜጣ ከፍተው ስለ እምነታቸውና ስለ ድምፅ መስጠት መብታቸው ጻፉበት። ቤተ ክርስቲያኗን ከ1973 እስከ 1985 የመሩት ስፔንሰር ኪምቦል ደግሞ እያንዳንዱ አባል የሕይወቱን ታሪክ እንዲጽፍ አጥብቀው ይመክሩ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ሞርሞኖች ስለ ጸሎታቸው፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ እሑድ ትምህርታቸው በብዛት ለመጻፍ የፈጠኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አያቶቻቸውም በብዕር ይኸንኑ ሲያደርጉ ነበር።

በግል የሚጽፍ ሰው ግን ጥርጣሬውንም ይጽፋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «አውቃለሁ» በሚባልበት መድረክ ላይ «አላውቅም» ማለት እጅግ ከባድ ነው። ቤተሰብ ለዘላለም በአንድነት ይታሰራል ብሎ በሚያምን ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ጥያቄ ሲያነሣ እናቱ የምትሰማው የሐሳብ ልዩነት አይደለም፤ ልጄን በወዲያኛው ዓለም ላጣው ነው የሚል ፍርሃት ነው። በ1966 ሞርሞን ምሁራን ነፃ መጽሔት መሥርተው ታሪካቸውን በግልጽ መመርመር ጀመሩ፤ ነገር ግን በሴፕቴምበር 1993 ስድስት ጸሐፊዎችና ምሁራን በአንድ ወር ተቀጡ፣ አምስቱ ከአባልነት ተሰረዙ። በ2014 ደግሞ ሴቶች ክህነት እንዲሰጣቸው የጠየቀ እንቅስቃሴ መሥራች ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳት። በአጠገቡ ሌላ ድምፅ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑት ዲተር ኡክትዶርፍ በ2013 ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚጠራጠሩትን አላወገዙም፤ ነገሩ የወጡት ሰዎች ሰነፎች ወይም ኃጢአተኞች ናቸው እንደማለት ቀላል አይደለም አሉ። ምክራቸውም «እምነታችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ጥርጣሬያችሁን ተጠራጠሩ» የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያኗ ለዓመታት አሳፋሪ ተደርገው ሲሸሹ የነበሩ ጉዳዮችን የሚያብራሩ ጽሑፎችን በይፋ ማውጣት ጀመረች። በአንዱ ጽሑፍ ላይ ስሚዝ ከ30 እስከ 40 የሚገመቱ ሚስቶች እንደነበሩት፣ ከእነርሱም አንዷ 15 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት እንደነበረች አመነች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን የጠላት ወሬ ነው ሲባሉ የኖሩ አባላት የተሰማቸውን ድንጋጤ መገመት አያስቸግርም። አንዳንዶቹ ለቀው ወጡ። አንዳንዶቹ እያወቁ ቀሩ፤ በእኔ አመለካከት ከእነዚህ የበለጠ ሊደመጥ የሚገባው ምስክር የለም፣ ምክንያቱም የሚናገሩት ዋጋውን ከፍለው ነው።

ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚቀርበው ምዕራፍ ግን የዘር ጉዳይ ነው። ከ1852 ጀምሮ እስከ ጁን 1978 ድረስ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም ነበር፤ ጥቁር ወንዶችና ሴቶች በቤተ መቅደስ ለሚፈጸሙት ዋና ዋና ሥርዓቶችም አይፈቀድላቸውም ነበር። ለዚህ ይሰጥ የነበረውን፣ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚለውን ትርጓሜ ቤተ ክርስቲያኗ በ2013 በይፋ ውድቅ አድርጋለች። የሚደንቀው ግን ክልከላው ሳይነሣ በምዕራብ አፍሪካ የሆነው ነው። በጋና ጆሴፍ ዊልያም ቢሊ ጆንሰን በ1964 መጽሐፈ ሞርሞንን አግኝቶ አነበበ፤ አንድም ሚስዮናዊ ሳይላክለት ጉባኤዎች አቋቋመ። በናይጄሪያ አንቶኒ ኦቢና በሕልሙ ያየውን ሕንፃ በኋላ በአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አየው፤ የሶልት ሌክ ቤተ መቅደስ ነበር። ወደ ዩታ ደብዳቤ ጻፈ፣ ደጋግሞ ጻፈ፤ የሚላክ ሰው ግን አልመጣም። ክልከላው ከተነሣ በኋላ፣ በኖቬምበር 21 ቀን 1978፣ እርሱን ጨምሮ 19 ሰዎች ተጠመቁ። አሜሪካዊው ወጣት በር እያንኳኳ የሚያቀርበውን ምስክርነት እነዚህ ሰዎች በተዘጋ በር ፊት ቆመው ለዓመታት ያዙት። ሰዎቹን የሚያስከብር፣ በሩን የዘጋውን ተቋም ደግሞ የሚያስወቅስ ታሪክ ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር ይገባል።

ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኙት ደግሞ በጾም ነው። ምስክርነት የሚሰጥበት የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የጾም ቀን ነው፤ ሁለት ማዕድ ሳይበሉና ሳይጠጡ ያሳልፋሉ፣ የምግቡን ዋጋም ለድሆች ይሰጣሉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወቅት፣ በጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ልዩ ጾም አውጀው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራው የእርዳታ ክፍላቸው መነሻ ይኸው ነበር። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ምእመናን አልነበሯቸውም ማለት ይቻላል። ጉባኤያቸው በአዲስ አበባ የተተከለው በ1990ዎቹ ነው፤ መጽሐፈ ሞርሞንም በአማርኛ ይገኛል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። በ1833 በወጣው የጤና ሕጋቸው ቡና የተከለከለ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊው ሞርሞን ምስክርነቱን ከመድረክ ይልቅ በጎረቤት ቤት ይጀምራል፤ አቦሉ ቀርቦ «አልጠጣም» ባለ ቁጥር ለምን እንደሆነ መናገር ግድ ይሆንበታል።

ስለ ሁሉም ነገር ግን አይናገሩም። በቤተ መቅደስ ውስጥ የሚደረገውን ሥርዓት በዝርዝር ለውጭ ሰው አይገልጹም፤ ለቅርብ ወዳጅ ቢሆን እንኳ። ይህን የማያውቅ ጠያቂ ዝምታቸውን እንደ ማታለል ይቆጥረዋል። እኛም ከመቅደስ መጋረጃ በስተጀርባ ያለውን ለሁሉም አናሳይምና ልንረዳቸው አያቅተንም። ጥያቄ ማንሣት የሚገባው በሚያስተምሩት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አብ የሥጋና የአጥንት አካል አለው ይላሉ፤ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስን በዓላማ አንድ የሆኑ ሦስት የተለያዩ አካላት አድርገው ያያሉ፤ የኒቅያን ቀመር አይቀበሉም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ቅዱሳት መጻሕፍት አሏቸው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያው ምሥጢረ ሥላሴ በሆነበት ቤት ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወጣቶቹ በመጀመሪያ ጉብኝት ይህን ላያነሡ ይችላሉ፤ እርስዎ ያንሡት። ሲጠየቁ አይዋሹም።

ከእነርሱ ጋር ለመነጋገር የሚፈልግ ሰው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ስለ ጥንታዊ አሜሪካ ቁፋሮ ቢያፋጥጠው የሚያተርፈው ጥቂት ነው። «አንተ ራስህ መቼ አወቅህ? በዚያን ጊዜ ምን ሆንህ? መልስ ያላገኘህበት ጊዜስ አለ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን የተሸመደደው ትምህርት ይቆምና ልጁ ራሱ መናገር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እርስዎም የራስዎን መናገር ይችላሉ፤ እነርሱ የሌላውን ምስክርነት በአክብሮት ማዳመጥን ተምረው ያደጉ ናቸው። መጽሐፉን አንብበው እንዲጸልዩበት ይጠይቁዎታል፤ ምናልባትም ቀን ይቀጥሩልዎታል። እንቢ ማለት ይቻላል። ለጨዋነት ብሎ «እሺ፣ ነገ» እያሉ ማመላለስ ግን ለእነርሱም ለእርስዎም ድካም ነው፤ ቀጠሮውን በመዝገባቸው ይይዙታልና ይመለሳሉ። ካልፈለጉ ከበሩ ላይ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ዳግም እንዳይመጡ መጠየቅም መብትዎ ነው። ቀትር ላይ ከመጡ ደግሞ ውኃ ያቅርቡላቸው። ቡናና ሻይ አይጠጡም።